በጓደኞቹ የሚገፋውን ብልህ ልጅ ስለ መርዳት የተሰጠ ኹጥባ

ርኅሩኅና አዛኝ በሆነው በአላህ ስም።

ሰውን በዕውቀት ላከበረው፥ በሕፃን ልብ ውስጥ የማስተዋልን ብርሃን ላኖረው ለዓለማት ጌታ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች መጠጊያ በሆኑት፥ በመንገድ ሲያልፉ ሕፃናትን ቀድመው ሰላም ይሉ በነበሩት በነቢያችን በሙሐመድ ላይ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ነጋዴ ሚዛኑ እንዳይጎድል ይጠብቃል፤ ሱቁን ማታ ሲዘጋ ቁልፉን ደጋግሞ ይነካካል፤ ገንዘቡ በሌባ እጅ እንዳይገባ እንቅልፉን ይቀንሳል። ነገር ግን ከገንዘቡ ሁሉ የሚበልጠውን አደራ፥ ልጁን፥ በየማለዳው ደብተር አስይዞ ከደጅ ከሰደደው በኋላ በዚያ ቀን ምን እንደ ደረሰበት የማይጠይቅ አባት ብዙ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም አላህ ፈጣን አእምሮ የሰጠው ልጅ በዚያው ጸጋ ምክንያት በጓደኞቹ ሲገፋ፥ ሲሰደብና ሲመታ እኛ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

ወንድሞቼ ሆይ! ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በዚህ በሲሪንቃ፥ እህል በመነገድ የሚኖር አንድ ወንድማችን አለ። ስሙንም የልጁን ትምህርት ቤትም አልጠራም፤ ነገሩን ግን ለትምህርት ይሆን ዘንድ እንድናገረው ፈቅዶልኛል። ይህ ሰው አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለው። ልጁ በዓመቱ መጀመሪያ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አባቱም ደስ ብሎት አዲስ ጫማ ገዛለት። በዓመቱ መጨረሻ ግን ልጁ ዐሥራ አንደኛ ሆነ። አባቱ ልጁ የሰነፈ መስሎት ተቆጣ፤ ቁጣውም አልበቃ ብሎት መታው። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ዱላውን ተቀበለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ የልጁን ደብተሮች ስታሰናዳ ነገሩን አየችው። በደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ፥ በቀጭን እርሳስ፥ ሒሳቡ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ ነበር፤ ለአስተማሪው በሚታየው በፊተኛው ገጽ ላይ ግን ልጁ ዐውቆ የተሳሳተውን መልስ ጽፎበት ነበር። አባትየው ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ መጣና፥ «ሸኽዬ፥ ልጄ እያወቀ ይሳሳታል፤ ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» አለኝ። እኔም፥ «‹ለምን ወደቅህ?› ብለው አይጠይቁት፤ ‹ትክክለኛውን ስትመልስ ምን ያደርጉሃል?› ብለው ይጠይቁት» አልሁት። ማታ ከመግሪብ በኋላ አጠገቡ አስቀምጦ ጠየቀው። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ እንዲህ አለው፦ «አባዬ፥ አንደኛ ስወጣ ደብተሬን ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል፤ መንገድ ላይም ይጠብቁኛል። ዐሥራ አንደኛ ስሆን ግን ኳስ ያጫውቱኛል።»

የአላህ ባሮች ሆይ! ይህንን ቃል አስተውሉት። ይህ ልጅ ነጋዴ ሳይሆን ንግድ ነግዷል፤ ሰላሙን ለመግዛት ዕውቀቱን ሸጧል። ለዚህም ዋጋ በውጭ ከጓደኞቹ፥ በቤት ደግሞ ከአባቱ ዱላ ተቀብሏል። አባትየው ይህን ሲሰማ የመታበትን እጁን አየ፤ አለቀሰም።

እኔም ይህን ስናገር ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። ልጅ ሆኜ በቁርኣን ቤት ሳለሁ ከቆላ የመጣ አንድ ደረሳ ነበረ። እኛ በሦስት ቀን የምንይዘውን እርሱ በአንድ ማለዳ ይይዝ ነበር። ትልልቆቹ ደረሶች ግን ሸኹ ፊት ቀርቦ ከመቅራቱ በፊት ሉሑን በውኃ ያጥቡበት ነበር፤ በአነጋገሩም እየተሣቀ ይኖር ነበር። እኔ ሉሑን አላጠብሁም፤ ነገር ግን ሲያጥቡ አይቻለሁ፥ ሲሥቁም ሥቄአለሁ። አንድ ሌሊት ያ ልጅ ቁራጭ ቆዳውን ጠቅልሎ ሄደ፤ ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም። ዛሬ ዕድሜዬ አርባን አልፎ ቁርኣን ሳስቀራ፥ በረድፉ መካከል ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ የምናገረው እንደ ፈራጅ ሳይሆን ዕዳ እንዳለበት ሰው ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «የልጆች ነገር ነው፤ ቀልድ ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል» ይላሉ። ሸሪዓችን ግን እንዲህ አይልም። የአላህ መልክተኛ (ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) ከባልደረቦቻቸው ጋር በመንገድ ሳሉ አንደኛው ተኝቶ ነበርና ሌሎቹ ለቀልድ ብለው ዕቃውን ወሰዱበት፤ ሰውየው ነቅቶ በደነገጠ ጊዜ ሰዎቹ ሣቁ። መልክተኛው ግን አንድ ሙስሊም ሌላውን ሙስሊም ሊያስደነግጥ እንደማይፈቀድለት አስታወቁ። የተፈጸመው ነገር ዛሬ በትምህርት ቤት ደብተር ከመደበቅ በምን ይለያል? ደግሞም ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ የጥርስ መፋቂያ ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ሲወጣ፥ የእግሮቹን ቅጥነት ያዩ ሰዎች በሣቁ ጊዜ፥ መልክተኛው ነገሩን በዝምታ አላለፉትም፤ እነዚያ እግሮች በሚዛን ቀን ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። እነሆ፥ የተሣቀበትን ሰው ክብር በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት፥ በሣቁት ሰዎች ፊት መለሱለት። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሣለቅ፥ በክፉ ስምም እንዳይጠራራ ከልክሏል። ሌሎች የሰጡት የስድብ ስም በልጁ ላይ ተለጥፎ ሲቀር ከዱላው ይልቅ ያማል፤ የዱላ ቁስል ይጠገጋልና፥ ስም ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ይገባል።

የሀገራችንም ሕግ ይህንን ጉዳይ ችላ አላለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት፥ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እንግዲህ በሃይማኖትም በሕግም የልጅ ክብር የተጠበቀ ከሆነ፥ የእኛ ዝምታ በምን ይመካኛል?

የሲሪንቃ ሰዎች ሆይ! እናንተ አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። አበባው ከመሬት በላይ በታየ ጊዜ ጉዳቱ ከመሬት በታች አስቀድሞ ተፈጽሟል። ከአንዲት አቀንጭራ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ዘር ይወጣል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይኖራል። የልጆችም በደል እንደዚሁ ነው። ዛሬ ከመሬት በላይ የምናየው የወደቀ ውጤት፥ የተቀደደ ደብተር፥ «ሆዴን አመመኝ» የሚል የጧት ልቅሶ ብቻ ነው፤ ሥሩ ግን ከተበላ ሰንብቷል። ገበሬ ማሽላው በቀነጨረ ጊዜ ማሽላውን አይገርፍም፤ ሥሩን ይመረምራል እንጂ። እኛ ግን ውጤቱ የቀነሰውን ልጅ እንገርፋለን።

ስለዚህ፥ ብልህ ልጁ የሚገፋበት አባትና እናት የሚያደርጉትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

አንደኛው፥ ምልክቱን ማወቅ ነው። ልጅ ሲወደው ከነበረው ትምህርት ቤት መሄድን ቢጠላ፥ በሌላ መንገድ ዞሮ ቢመጣ፥ እርሳሱና ደብተሩ ዘወትር ቢጠፋበት፥ ምሳ ይዞ ሄዶ እየተራበ ቢመለስ፥ ስለ ጓደኞቹ መናገርን ቢተው፥ ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ጥያቄውም በቁጣ አይሁን። አነስ ዐሥር ዓመት ሙሉ መልክተኛውን ሲያገለግል አንዲት የማማረር ቃል እንኳ ከርሳቸው አልሰማም ነበር። ልጅ የሚናገረው ለማይቆጣው ሰው ነው።

ሁለተኛው፥ በተናገረ ጊዜ ማመን፥ ጥፋቱም የርሱ እንዳልሆነ መንገር ነው። «አንተ ምን አድርገሃቸው ነው?» ብሎ መጀመር ሁለተኛ በደል ነው። «አንተም ምታቸው» ማለትም አይረባም፤ አንድ ልጅ ሦስትና አራት ልጆችን ሊመታ አይችልምና፥ ቢችልም ተበዳይነቱ ወደ በዳይነት ይለወጣል። «ታገሥ፥ ዝም በል» ማለትም አይገባም። ሰብር ማለት በደልን መሸፈን አይደለም፤ ሰብር ማለት እውነትን ይዞ በቀናው መንገድ መጽናት ነው። ነቢዩ ያዕቆብ ልጃቸውን ዩሱፍን ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር ያስጠነቀቁት ቅንዓት በወንድማማች መካከልም እንደሚገባ ስለሚያውቁ ነው። የአባት ጥበብ አደጋውን አስቀድሞ ማየት ነው።

ሦስተኛው፥ መመዝገብ ነው። እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ፤ ዱቤ የሰጣችሁትን ሰው ስም፥ ቀኑንና ልኩን ትጽፋላችሁ። አላህም በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። ለገንዘብ ይህ ከታዘዘ ለልጅ ክብር እንዴት አይገባም? በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ቦታ፥ ማን ምን እንዳደረገ፥ ማን እንዳየ ጻፉት። ከዚያም መዝገቡን ይዛችሁ፥ ሳትጮኹ፥ ወደ ክፍሉ አስተማሪና ወደ ርእሰ መምህሩ ሂዱ። የሰውን ልጅ በመንገድ ላይ አግኝቶ መምታት ወይም ማስፈራራት ለአባት አልተፈቀደም፤ ይህ የሁለት ልጆችን ጠብ የሁለት ቤት ጠብ ያደርገዋል። ነገሩ በትምህርት ቤት ባያልቅ በሽማግሌ ይታይ። የወሎ ሰው፥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፥ በአንድ ላይ ተቀምጦ በሽማግሌና በአበጋር ደም እንኳ ሲያደርቅ የኖረ ነው። የደም ጠብ ያስታረቀ ሸንጎ የልጆችን በደል መዳኘት አያቅተውም።

አራተኛው፥ ልጁን ብቻውን አለመተው ነው። በካናዳ ሀገር የሚገኙ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የልጆችን ሁኔታ በፊልም እያነሡ መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ በአጠገቡ የቆመ ሌላ ልጅ በመካከል ገብቶ «ተው!» ባለ ጊዜ፥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደል በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ሱብሓነላህ! ዐሥር ሰከንድ! እኔ በቁርኣን ቤት ሳለሁ ያ ቃል በአፌ ውስጥ ነበረ፤ አላወጣሁትም። ስለዚህ የራሳችሁ ልጅ ባይገፋም፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ፥ «በክፍላችሁ የሚገፋ ልጅ አለን? አንተስ ያን ጊዜ የት ትቆማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብሮት የሚሄድ፥ አብሮት የሚበላ አንድ ወዳጅ ለተገፋው ልጅ ምሽግ ነው።

አምስተኛው፥ ልጁ ብርሃኑን እንዳይሸሽግ ማበረታታት ነው። አንድ ቀን መልክተኛው ቅጠሉ የማይረግፍ፥ በሙእሚን የሚመሰል ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር የተምር ዛፍ መሆኑ በልቡ መጣለት፤ ነገር ግን ከሁሉ ያነሰ ልጅ ስለ ነበረ አፍሮ ዝም አለ። በኋላ ለአባቱ በነገረው ጊዜ፥ ዑመር፥ ልጃቸው ቢናገረው ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ያሰኛቸው እንደ ነበረ ገለጡለት። ዑመር ዝምታውን «አደብ ነው» ብለው አላመሰገኑትም። እናንተም ልጃችሁን፥ «አንደኛ ባትወጣ ግድ የለኝም፤ የምታውቀውን እውነት ግን አትደብቅ» በሉት። ደግሞም ኩራት እንዳይገባው፥ ዕውቀት የአላህ ስጦታ መሆኑን አስተምሩት። ያልገባውን ጓደኛ ቢያስረዳ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ በፈቃዱ የሚሰጠው ሰደቃ እንጂ፥ ከዱላ ለመዳን የሚከፍለው ግብር አይሁን።

ይህንን ብዬ ለራሴም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና በደልን በራሱ ላይ እርም ላደረገው፥ በባሮቹም መካከል እርም ላደረገው ለአላህ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! እስከ አሁን ለተበዳይ አባት ተናገርን፤ አሁን ደግሞ ለበዳይ አባት እንናገር። መልክተኛው ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሆኖ እንድንረዳው አዘዙ። ተበዳዩን መርዳት ግልጽ ነው፤ በዳዩን እንዴት እንደሚረዱት በተጠየቁ ጊዜ፥ እጁን ከበደል በመያዝ መሆኑን አስረዱ። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ፥ «ልጅህ ልጄን ይመታል» ቢልህ፥ «የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ብለህ አታባርረው፤ ልጅህን ሊያድንልህ የመጣ ወዳጅ ነውና። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ኃጢአት አይጻፍበትም፤ አባቱ ግን በአደራው ይጠየቃል። የቀደደውን ደብተር ተካ፤ ልጅህም በአፉ ይቅርታ ይጠይቅ። ነገር ግን በጭካኔ አትደብድበው፤ ዱላ የለመደ ልጅ የሚማረው ጉልበት ያለው ሁሉ መምታት እንደሚችል ብቻ ነው።

እናንተ ነጋዴዎች ኪሳራ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። መልክተኛው ግን እውነተኛውን ከሳሪ አሳዩን፤ ሰላትና ጾም ይዞ ይመጣል፥ ነገር ግን ይህንን ሰድቧል፥ ያንን መትቷልና መልካም ሥራው ለእነርሱ ተከፋፍሎ ባዶውን ይቀራል። ልጆቻችን ወደዚህ ኪሳራ በሚወስደው መንገድ ላይ በልጅነታቸው ሲጀምሩ እያየን ዝም አንበል።

የበዳዩም ልጅ ቁስል ሊኖርበት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘው ጊዜ ብዙ ልጆች ከትምህርት ተለይተው ቆዩ። ከነርሱም አንዳንዶቹ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠዋል። ከመቱት ልጆች አንደኛው እንዲህ ያለ ነበር፤ ትንሹ ልጅ በመለሰ ቁጥር እርሱ ያፍር ነበር። ይህ በደሉን አያጸድቅለትም፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ አንዱ ለርሱም የሚያስረዳው ሰው ማግኘት እንደ ሆነ ያሳያል።

አስተማሪዎች ሆይ! በሉሕም ሆነ በሰሌዳ የምታስተምሩ፥ እኔንም ጨምሮ፥ ከእኛም ጥፋት አለ። «እናንተ ደንቆሮዎች፥ ይህን ትንሽ ልጅ አታዩትምን?» ስንል ልጁን ያመሰገንነው ይመስለናል፤ ነገር ግን በጀርባው ላይ የጥላቻ ሸክም ጭነንበታል። ብልሁን ልጅ የክፍል አለቃ አድርገን የረባሾችን ስም እንዲጽፍ ስናዝዘውም፥ የእኛን ሥራ በርሱ ትከሻ ላይ ጥለን በመንገድ ለዱላ አሳልፈን ሰጥተነዋል። የነገርኋችሁም ልጅ መከራ የጀመረው በዚህ ነበር። ዑመር ወጣቱን ኢብን ዐባስን ከበድር ሽማግሎች ጋር ባስቀመጡት ጊዜ ሽማግሎቹ ቅር አላቸው፤ ዑመር ግን ማንንም አልሰደቡም። ስለ ሱረቱ ነስር ትርጉም ሁሉንም በየተራ ጠየቁ፤ ልጁም በተራው መልሶ ዕውቀቱ ራሱ መሰከረለት። ምስጋና እንዲህ ይደረጋል።

በመጨረሻም የነጋዴውን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አባቱ መዝገቡን ይዞ አስተማሪውን አነጋገረ፤ አስተማሪውም ስም የመጻፉን ሥራ ከልጁ ላይ አነሣለት። ሽማግሎች አባቶቹን ሰበሰቡ፤ ሁለቱ ልጆች ይቅርታ ጠየቁ፤ የሦስተኛው አባት መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፥ ሁለተኛ ሲለመን ግን መጣ። አባትየውም ስለ መታው ልጁን ይቅርታ ጠየቀ። ልጁ እስከ ዛሬ ወደ አንደኛነቱ አልተመለሰም። ነገር ግን ትክክለኛውን መልስ አሁን የሚጽፈው በፊተኛው ገጽ ላይ ነው።

አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተመርጠው ለገበሬው ከተሰጡት የማሽላ ዝርያዎች አንደኛው «አብሽር» ይባላል። ይህ ቃል በዐረብኛ «ደስ ይበልህ» ማለት ነው፤ በእኛም ሀገር የተጨነቀውን የምናጽናናበት ቃል ነው። ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንገቱን የደፋ ልጅ ቢኖር፥ አጠገቡ ተቀምጣችሁ መጀመሪያ ይህንኑ በሉት፤ ከዚያም አዳምጡት።

አላህ ሆይ! ለልጆቻችን የሰጠኸውን ማስተዋል ከቀናተኛ ዐይንና ከጨካኝ እጅ ጠብቅልን። አላህ ሆይ! የተገፋውን አጽናው፥ የሚገፋውን መልሰው፥ አይቶ ዝም ያለውንም ይቅር በለው። በእጃችን ሳይሆን በፍርሐታችን ምክንያት ከኛ ርቆ የሄደውን ልጅ ሁሉ ባለበት ስፍራ አንተ ጠባቂው ሁን። በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ፤ የመጨረሻው ቃላችንም ምስጋና ለአላህ ነው። አሚን።